ቡናው በምን ይጠቅለል?

ተረት ተረት።

ሰው የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ካፋ መንገድ ሳያወጣ በፊት፣ በዛሬዋ ዴቻ ወረዳ በማንኪራ ደን የሚኖሩት አራዊት ሁሉ ቡና ጠጪዎች ነበሩ። ቡናው ማንም ሳይተክለው ከቀረሮውና ከዋንዛው ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ኮረሪማው ከጎኑ፣ ማሩ ከበላዩ። ይሁን እንጂ ቡና ፍሬው ስለተገኘ ብቻ አይጠጣም። ምጣድ ይፈልጋል፣ ሙቀጫ ይፈልጋል፣ ጀበናና ሲኒ፣ ውኃና እሳት ይፈልጋል። ስለዚህ በየመንደሩ የሁሉም የሆነ አንድ ምጣድ፣ አንድ ሙቀጫ፣ አንድ ጀበና ነበር። ከሩቅ የሚመጣ ቡና ፍሬው ብቻ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ የቀረውን መንደሩ ይሰጠዋል።

ጎተራውን የሚጠብቁት ንቦች ነበሩ። በአንድ ያረጀ የጌተም ዛፍ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ቡና ሁሉ ያሸታሉ፣ ከመንደሩ ጀበና ጋር መስማማቱን አፍልተው ይቀምሳሉ፣ የሻገተውን ይመልሳሉ፣ ደህናውን በሰም ያትማሉ። ያንን ማኅተም ያየ አይጠራጠርም። ልጅ ቢላክ፣ በጨለማ ቢላክ፣ ይዞ የሚመለሰው ያንኑ የታመነውን ቡና ነው። ለዚህ ሁሉ ድካም ንቦቹ ደመወዝ አልነበራቸውም። ከመካከላቸው አንዷ አሮጊት፣ አራዊቱ እማማ ንብ የሚሏት፣ ሥራዋ የጀበና ውታፍ ማዘጋጀት ብቻ ነበር። ትንሽ ነገር ናት ውታፍ። የሌለችበት ጀበና ግን በማንኪራ አልነበረም።

ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀም አንባቢ ጎተራውን ከወዲሁ ሳያውቀው አይቀርም። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጻፍና፣ በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው ዴቢያን እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች የሚጠብቁት እንዲህ ያለ ጎተራ ነው። ፕሮግራሙ ብቻውን ታሽጎ ይመጣል። ከሌሎች ጋር የሚጋራቸው ክፍሎች፣ ባለሙያዎቹ ላይብረሪ የሚሏቸው፣ ከዚያው ከጎተራው አንድ ጊዜ ይወርዱና ሁሉም ይገለገልባቸዋል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በዴቢያን ጎተራ ውስጥ አለ፤ አንዴ ከወረደ ደብዳቤ መጻፊያውም፣ የኢንተርኔት ማሰሻውም፣ ሥዕል መሥሪያውም በዚያው በአንዱ ቅርጽ ፊደላችንን ያሳያሉ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የመንደር ወግ ያለው አሠራር በኮምፒውተር ዓለም አላየሁም።

ወደ ማንኪራ ልመለስ። መጀመሪያ የተነሣው ጠብ የጀበና አፍ ጠብ ነው።

አያ ከርከሮ ከገሻ በኩል አዲስ ቡና ይዞ መጣ። ቡናው አፈ ሰፊ ጀበና ካላገኘ እየገነፈለ እሳቱን ያጠፋል። ድኩላ ከአባቱ የወረሰው ቡና ደግሞ አፈ ጠባብ ጀበና ይሻል፤ አለዚያ መዓዛው ይበናል። መንደሩ ያለው አንድ ጀበና ነው።

«እማማ፣ ጀበናውን ለውጡልን» አለ ከርከሮ።

«ልጄ፣ ጀበና ስንለውጥ ጎተራ ውስጥ ያለው ቡና ሁሉ በአዲሱ ጀበና እንደገና ሊቀመስ ነው። ሁለት ክረምት ታገሥ» አለችው።

«በሁለት ክረምት ቡናዬ ይነቅዛል!»

ከርከሮ አልተሳሳተም፤ እማማ ንብም አልተሳሳተችም። ዴቢያን አዲስ እትሙን የሚያወጣው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ነው። በዚህ መሀል ፕሮግራሙን የሠራው ሰው አሥር ጊዜ አሻሽሎት ይሆናል፤ ተጠቃሚው ግን ከጎተራው የሚያገኘው የታመነውን አሮጌ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሳይጠፋ ሌት ተቀን ለሚሠራ ኮምፒውተር ይህ በረከት ነው። ትናንት የወጣውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ዛሬ ለሚፈልግ ወጣት ደግሞ ወህኒ ነው።

ሁለተኛው ጠብ የጠጪው ሳይሆን የአቅራቢው ነበር። ከጎጀብ ማዶ ምስጦች በቀይ ኩይሳቸው ውስጥ የራሳቸው ጎተራ ነበራቸው። እነርሱ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ አይቀበሉም፤ በቀርከሃ ቱቦ ይሁን ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ያሉት በቆዳ፣ ከዚያም ወዲያ በሣር። ቡና እየቆላ የሚያከፋፍለው ጉሬዛ አንድ ቀን ቅርንጫፉ ላይ ቆሞ ጮኸ፦ «የቆላሁት አንድ ቡና ነው! ስቆላ አልደከምኩም፤ ስጠቀልል አለቅሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቡናዬን የፈለገ መጥቶ ይውሰድ!»

የምስጦቹን ጎተራ የሌላው ሊኑክስ፣ የሬድ ሃት ሰዎች ይወቁት፤ አር.ፒ.ኤም. የሚባለውን አስተሻሸጋቸውን ያመጡት በ1995 ነው። የዴቢያኑ ዴብ፣ የሬድ ሃቱ አር.ፒ.ኤም.፣ የሌሎቹም የየራሳቸው፤ አንድ ፕሮግራም የጻፈ ሰው ሁሉም ዘንድ ለመድረስ በየዓይነቱ ማሸግ አለበት፣ ወይም ሌላ ሰው እስኪያሽግለት መጠበቅ አለበት። የጉሬዛ ምሬት እስከ ዛሬ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ምሬት ነው። ሊኑክስ በተራው ሰው ዴስክቶፕ ላይ ሳይስፋፋ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን ከልቤ አምናለሁ።

በዚህ ጊዜ እመት ኤሊ መጣች። ከድንጋይ ልብሷ ሥር ቡናው፣ ምጣዱ፣ ሙቀጫው፣ ጀበናው፣ ሲኒው፣ ከሰሉ ሳይቀር አለ። የትም መንደር ስትደርስ ቁጭ ብላ ታፈላለች፤ ስትጨርስ ሁሉንም ሰብስባ ትነሣለች፤ አመድ እንኳ አትተውም። የጀበና አፍ ጠብ አይነካትም፣ የቅጠልና የቀርከሃ ክርክር አያውቃትም። አራዊቱ ተደነቁ። ሳይመን ፒተር በ2004 የጀመረውና ዛሬ አፕኢሜጅ የሚባለው አሠራር ይህ ነው፤ አንድ ፋይል፣ ውስጡ ሁሉ ያለ፣ ሳይጫን የሚሠራ።

አያ ጎሽ የኤሊን ነገር አይቶ አሰበበት። ጎሽ ሀብታም ነው፤ ለጋስም ነው። ብዙ መንደሮችን ከራሱ ጎተራ ያበላ ነበር። ባለ ቁልፍ ሙዳዮች አሠራና በየሙዳዩ ሙሉ የቡና ዕቃ ከነቡናው ከትቶ በነፃ አደለ። ሙዳዩ ሌሊት ራሱን ይከፍትና አሮጌውን በአዲስ ተክቶ ያድራል። እድሜ ልኩን ጀበናውን አጥቦ ለማያውቅ ሰነፍ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ዳሩ ግን ቁልፉ አንድ ነው፤ የሚቀመጠውም ጎሽ ቤት ነው። ሌላ ሰው የራሱን ሙዳይ ሞልቶ ለመንደር ላድል ቢል መንገዱ በጎሽ ደጅ ብቻ ነው የሚያልፈው። በዚህ ላይ አንድ ጠዋት ወደ ንቦቹ ጎተራ ለአንድ ጥቅል ቅጠል የተላከ የድኩላ ግልገል ባለ ቁልፍ ሙዳይ ተሸክሞ ተመለሰ። ቅጠሉን የጠየቀ አፍ ሙዳይ መቀበሉን ማንም አልነገረውም። ጎረቤት መንደር ይህን በሰማ ጊዜ በሩን ዘግቶ፣ «ሙዳይ የፈለገ አውቆ ፈልጎ ያምጣ፤ ሳናውቅ አይገባብንም» አለ።

ጎሽ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ በ2004 ያወጣው ካኖኒካል የተባለ ኩባንያ ነው፤ ሙዳዩም በ2016 የተስፋፋው ስናፕ። የስናፕ ማከማቻ በካኖኒካል እጅ ብቻ ነው፤ የሚሠራበት የሰርቨር ኮድም ለሕዝብ ክፍት አይደለም። በሩን የዘጋው መንደር ሊኑክስ ሚንት ነው፤ በ2020 ባወጣው 20ኛ እትሙ ስናፕ ተጠቃሚው ሳያውቅ እንዳይገባ አገደ። በ2022 ደግሞ ኡቡንቱ ፋየርፎክስን ከዴብ ወደ ስናፕ አዛወረ፤ ማሰሻው ሲከፈት ዘገየብን ያሉ ብዙዎች አጉረመረሙ።

እመት ጦጢት ብልህ ናት። የኤሊን ሸክምና የጎሽን ቁልፍ አይታ መካከለኛ መንገድ ፈለገች። በየሙዳዩ ጀበና ከመድገም በዛፏ ላይ አንድ የጋራ መደብ አበጀች፤ የእርሷ ሙዳዮች ሁሉ ጀበናና ምጣድ ከዚያ ይወስዳሉ። መደቡም አንድ ብቻ አይደለም፤ አፈ ሰፊ የሚሹት አንዱን፣ አፈ ጠባብ የሚሹት ሌላውን ይይዛሉ፣ ሳይጣሉ። ቁልፉን ለማንም ክፍት አደረገች፤ የፈለገ የራሱን ማደያ ያቁም አለች። ኋላ የካፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በጥልቅ ቦይ አጥረው መግቢያውን በዘበኛ እንዳስጠበቁት፣ እርሷም በየሙዳዩ ዙሪያ ቦይ ቆፍራ ዘበኛ አቆመች። ወደ እልፍኝ ልግባ ያለ ቡና ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ ፍላትፓክ ነው፤ አሌክሳንደር ላርሰን የጀመረው፣ በ2016 የዛሬ ስሙን ያገኘ። ዘበኛው ግን ገና ሥራውን አልለመደም፤ ለብዙዎቹ እንግዶች «ግባ» እያለ ጓዳውን ሁሉ ሲከፍት ይታያል።

ጉንዳኖችም ነበሩ። ከኤሊም ከሙዳዩም ቀድመው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ለእያንዳንዱ ጀበና የራሱን ጉድጓድና የራሱን ምልክት ሰጥተው፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ሺህ ዓይነት ጀበና ጎን ለጎን አስቀምጠው ይኖሩ ነበር። ጎብኝቶ ያላደነቃቸው የለም። ቋንቋቸውን ለመማር ተቀምጦ የጨረሰ ግን ጥቂት ነው። ኤልኮ ዶልስትራ በ2003 የጀመረውን ኒክስን የሞከረ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ዓመታት አለፉ። የማንኪራ አራዊት ቡና ሊጠጡ ሲቀመጡ ወሬው ሁሉ ስለ መጠቅለያ ሆነ። የቅጠል ወገን የሙዳይን ወገን አባካኝ ይለዋል፤ የሙዳይ ወገን የቅጠልን ወገን ኋላ ቀር ይለዋል። በአንድ ሲኒ ሲጠጡ የኖሩ ጎረቤቶች ሰላምታ ተነፋፈጉ። ከዚያ ሁለት ክፉ ክረምት በተከታታይ መጣ።

በመጀመሪያው ክረምት ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ሸክላ መርዝ ያለው ሆኖ ተገኘ። ንቦቹ በአንድ ሌሊት በየመንደሩ ያለውን የጋራ ጀበና ለወጡት፤ ነጋ፣ ቡናው ደህና ሆነ። ጦጢት መደቧን ለወጠች፤ ከመደቡ የሚወስዱት ዳኑ፣ የራሳቸውን ጀበና በሙዳያቸው የከተቱት ግን አልዳኑም። ጎሽ ከየባለቤቱ አዲስ እስኪላክለት ጠበቀ። ኤሊዎቹስ? ኤሊዎቹ በየአቅጣጫው ሄደዋል። አንዳንዶቹ ጎጀብን ተሻግረዋል፣ አንዳንዶቹ ወሬው አልደረሳቸውም፤ ከድንጋይ ልብሳቸው ሥር ያንኑ መርዛም ጀበና እንደያዙ ቡና እያፈሉ ይጋብዙ ነበር። በመስከረም 2023 ዌብፒ የተባለውን የምስል ዓይነት የምትከፍት አንዲት ትንሽ ላይብረሪ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ተገኘባት። የጋራ ጎተራ ያላቸው አንዷን ጠገኑና አረፉ፤ በየሆዳቸው የራሳቸውን ቅጂ የያዙ ፕሮግራሞች ግን አንድ በአንድ እየተፈለጉ መታደስ ነበረባቸው።

የቅጠል ወገኖች ደረታቸውን ነፉ። «አላልንም?» አሉ።

በሁለተኛው ክረምት እስስት ወደ እማማ ንብ መጣ። እማማ ዓይኗ ደክሟል፤ ውታፍ የሚሠራ ረዳት ከጠየቀች ቆይታለች፤ የመጣላት ሰው የለም። እስስት በትሕትና፣ «እማማ፣ ልርዳሽ» አላት። ውኃ ቀዳላት፣ ሰም አነጠረላት፣ ሁለት ዓመት ሳይሰለች ውታፍ ሠራ። መልኩን እየለወጠ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ብቅ ይልና ደግሞ፣ «ይህች አሮጊት ዘገየች! ሥራውን ለዚያ ለትጉሁ ልጅ ትልቀቅ እንጂ!» እያለ ይጮህባት ነበር። ጩኸቱን የሰሙ አራዊት የብዙ ሰው ድምፅ መሰላቸው። በመጨረሻ ማኅተሙን ሰጠችው። እስስትም በውታፉ ውስጥ የሌባ ቁልፍ ደበቀ፤ ያ ውታፍ የገባበትን ቤት ሁሉ እርሱ በፈለገ ሰዓት የሚከፍትበት።

አዲሱ ውታፍ ገና ጥቂት ቤቶች እንደደረሰ ድኩላ ጀበናውን ጥዶ ቁጭ አለ። ድኩላ ጥንቁቅ ነው። ቡናው ከወትሮው ጥቂት፣ እጅግ ጥቂት፣ ዘግይቶ ፈላ። ሌላው ቢሆን ጭራሽ አያስተውለውም። ድኩላ ግን እሳቱን አየ፣ ደህና ነው፤ ውኃውን አየ፣ ደህና ነው፤ ውታፏን ነቅሎ ለሁለት ሰነጠቃት። ጩኸቱ ጎጀብ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ይህ በመጋቢት 2024 የሆነ እውነተኛ ነገር ነው። ውታፏ ኤክስ.ዜድ. የምትባል ፋይል ማመቂያ ናት፤ የማትገኝበት የሊኑክስ ማሽን የለም ማለት ይቻላል። ለዓመታት ብቻውን የያዛት ላሴ ኮሊን ድካሙንና ሕመሙን በ2022 በአደባባይ ተናግሮ ነበር፤ ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ «ረዳት» ደግሞ ቀርቦት ነበር። ድኩላው የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ከሩቅ ወደ ሌላ ማሽን መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ብቻ ነገሩን ቆፍሮ አወጣው። የተበከለው እትም በዴቢያንና ፌዶራ በተባለው ሌላ ሊኑክስ የሙከራ እትሞች ደርሶ ነበር፤ ወደ ዋናው ጎተራ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ተያዘ።

አሁን ደግሞ የሙዳይ ወገኖች ደረታቸውን ነፉ። «የጋራ ጎተራ ማለት የጋራ ሞት ማለት ነው» አሉ። በዚህ አልስማማም። የኤሊም ውታፍ ከዚያችው ከእማማ ንብ የተወሰደ ነበር፤ የጦጢትም፣ የጎሽም፣ ስንት ጉድጓድ ያላቸው የጉንዳኖችም። መጠቅለያው ይለያያል እንጂ ውስጡ ያለውን የሚሠሩት እነዚያው ጥቂት እጆች ናቸው።

ነገሩ ጉባኤ ጠራ። በኋላ ዘመን የካፋ ነገሥታት ሚክሬቾ የሚባል ሰባት አባላት ያሉት የመማክርት ሸንጎ እንደነበራቸው፣ አራዊቱም ሰባት መረጡ፦ ንብ፣ ምስጥ፣ ጉሬዛ፣ ኤሊ፣ ጎሽ፣ ጦጣ፣ ጉንዳን። ከዋርካ ሥር ተቀመጡ። ቀኑ መሸ፣ ነጋ፣ መሸ። ኤሊ ስለ ነፃነት ተናገረች። ንብ ስለ መተማመን ተናገረች። ጎሽ፣ «ማን ነው በነፃ ያደለ?» አለ፤ እውነቱን ነው። ጉሬዛ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ልጠቅልል፤ ሌላ አልጠይቅም» አለ፤ እርሱም እውነቱን ነው። ከሸንጎው ውጭ የቆመ አንድ ጥንቸል ደግሞ፣ «የእኔ ቤት ከጭቃው ማዶ ነው። ሙዳይ ተሸክሜ ዳገት አልወጣም፤ ቅጠል ይሻለኛል» አለ። ይህን የጥንቸል ቃል ሰባቱ ሳይሰሙት አለፉ፤ እኔ ግን አላልፈውም። በካፋዋ ከተማ በቦንጋ ሆኖ ኢንተርኔቱን በሜጋ ባይት እየቆጠረ የሚገዛ ተማሪ አንድ ትንሽ የሒሳብ ማሽን ለማውረድ ብሎ ከነመደቡ መቶዎች ሜጋ ባይት ሲጎርፍበት፣ ክርክሩ ለእርሱ የአስተሳሰብ ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይ ነው። ሙዳይ የሚያሰናዱ ሰዎች ፈጣን መስመር ባለበት አገር ተቀምጠው ይህን ይረሱታል።

በሦስተኛው ቀን ድኩላ ፈቃድ ጠይቆ ተነሣ።

«ጌቶቼ፣ እመቤቶቼ፣ በቅጠልም ጠጥቻለሁ፣ በሙዳይም ጠጥቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ነገ ውታፉን ማን ይሠራል?»

ሸንጎው ዝም አለ። እማማ ንብ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ጎተራ ሲነገር ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ንግግር አጭር ነበር። ሁሉ መንደር የሚገለገልበት፣ ቶሎ ቶሎ የማይለወጠው ዕቃ በንቦቹና በምስጦቹ ጎተራ እንዲቀመጥ፤ በየሳምንቱ የሚታደሰው በሙዳይ እንዲሄድ፤ ኤሊ የጀበናዋን አፈር ምንጭ በድንጋይ ልብሷ ላይ ጽፋ እንድትዞር ተስማሙ። ጎሽ ሁለተኛ ቁልፍ እንዲያስቀርጽ ተለመነ፤ «አስብበታለሁ» አለ፤ እያሰበበት ነው። ጦጢት ዘበኛዋን ልትመክር ቃል ገባች። እኔም የተስማሙበት ልክ ነው እላለሁ፣ ከጎሽ ቁልፍ በቀር፤ የሁሉ ቡና በአንድ ደጅ ማለፉ ጎሽ ደግ እስከሆነ ብቻ ነው የሚያስኬደው፣ ጎሽም ይሸመግላል፣ ርስቱም ይወረሳል።

በመጨረሻ በየወሩ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው እየወጣ እማማ ንብን በውታፍ ሥራ እንዲረዳ፣ ሁለት ሰው ሳያየውም ምንም ነገር እንዳይታተም ተወሰነ። የመጀመሪያው ተራ ለጉሬዛ ደረሰው፤ በንቦቹ መዘግየት ከሁሉ በላይ ያማረረ እርሱ ነበርና።

በማግሥቱ ጠዋት ጌተሙ ላይ ወጣ። እማማ ንብ ያልታተመ አንድ ጥቅል ከፊቱ አኖረችና፣ «ይህ ሻጋታ ሻጋታ ይሸተኛል። ማን እንደቆላው፣ በየት በኩል እንደመጣ እየውና ንገረኝ» አለችው። ጉሬዛ ቅጠሉን ፈትቶ ፍሬዎቹን በመዳፉ አገላበጣቸው።

«የእኔ ነው» አለ።

«እንግዲያስ ከመልቀሙ እንጀምር» አለችና ሙቀጫውን ወደ እርሱ አስጠጋች።